«ሙሉ የሃይኪንግ ሴት (የዕቃ ስብስብ) በ14,500 ብር»፦ እንዳትገዙ

ለጥቅምትና ለኅዳር የተራራ ጉዞ ዕቃ እያፈላለጋችሁ ያላችሁ ሰዎች፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ። ትረዝማለች፤ ግን እኔ 14,500 ብርና ሁለት የባሌ ሌሊት ከፍዬባታለሁ።

ነሐሴ 20 ነው። አራት ሆነን እንቁጣጣሽን ባሌ ተራሮች ልናሳልፍ ተስማምተናል። ሦስቱ ጓደኞቼ የየራሳቸው ዕቃ አላቸው፤ እኔ የለኝም። የኔ ሃይኪንግ እስከዚያ ድረስ እንጦጦ ወጥቶ መውረድ፣ ቢበዛ መናገሻ ሱባ ደርሶ መመለስ ነበር። ውጭ አድሬ አላውቅም። ቴሌግራም ላይ ሳስስ አንዱ ቻናል «ሙሉ ሴት» ብሎ ለጥፏል፦ ድንኳን 1.3 ኪሎ፣ ስሊፒንግ ባግ (ገብተው የሚተኙበት ከረጢት) 700 ግራም «እስከ -5 ዲግሪ»፣ የሚጠቀለል ፍራሽ፣ የዝናብ ጃኬት፣ 55 ሊትር ቦርሳ። ከሥሩ «አልትራ ላይት፣ 100% ዋተርፕሩፍ፣ የበዓል ቅናሽ» ይላል፤ በጣም ቀላል፣ ውሃ ጨርሶ የማያስገባ ማለቱ ነው። ፎቶው ላይ ፈረንጅ ባልና ሚስት በረዶ የለበሰ ተራራ ሥር ቡና ይጠጣሉ። ብሩን በሞባይል ላክሁ፣ ዕቃው በሞተር መጣ። ደረሰኝ ስጠይቀው ልጁ «እኔ አድራሽ ብቻ ነኝ ወንድሜ» አለኝ፤ እኔም አልገፋሁበትም።

የሻጩን ስም አልጠራም። ያንኑ ፎቶ ከዚያ ወዲህ በሌሎች ሦስት ቻናሎች ላይ በተለያየ ዋጋ አይቼዋለሁ፤ ስም መጥራቱ አያድናችሁም። የሚያድናችሁ ማስታወቂያውን አስተውሎ ማንበብ ነው። እኔን የሸወደኝ ማስታወቂያ ውሸቱን እዚያው ፊት ለፊቴ ጽፎት ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

እዩት፦ 700 ግራምና -5። ስሊፒንግ ባግ የሚያሞቀው በውስጡ በሚይዘው አየር ነው። አየሩን የሚይዘው መሙያው ነው፤ መሙያ ደግሞ ይመዝናል። በፖሊስተር የተሞላ ባግ ዜሮ ዲግሪ ላይ ሰው እንዲያስተኛ አብዛኛውን ጊዜ ከኪሎ ከሩብ እስከ ሁለት ኪሎ ይደርሳል። ከዚያ ቀልሎም -5 የሚችለው የዝይ ወይም የዳክዬ ላባ የተሞላው ነው፤ እሱ ለብቻው እኔ ለሙሉው ሴት ከከፈልኩት በላይ ያወጣል። ሻጩ ክብደቱን አልዋሸም። ከተመለስኩ በኋላ ሰፈራችን ሱቅ ሚዛን ላይ ባስቀምጠው 710 ግራም ሆነ። የቀለለው ውስጡ ምንም ስለሌለ ነው።

ታዲያ -5ቷ ከየት መጣች? በደንብ የተሠራ ባግ ላይ ሦስት ቁጥሮች ይጻፋሉ። «ኮምፈርት» የሚለው ተመችቶህ የምትተኛበት ነው። «ሊሚት» የሚለው ተኮራምተህ እንደምንም የምታነጋበት። «ኤክስትሪም» የሚለው ግን እንቅልፍ አይደለም፤ ብርዱ ሳይገድልህ ለጥቂት ሰዓት የምትቆይበት ልክ ነው። ሻጮች ማስታወቂያ ላይ የሚያወጡት ያችን የመጨረሻዋን ነው፣ ዝቅ ያለች ቁጥር ስለሆነች። የኔ ባግ ከውስጥ በኩል፣ እግር ጋ፣ ጥፍር የምታክል ጨርቅ ተሰፍታበታለች፤ በደቃቅ ፊደል «ኮምፈርት 12» ትላለች። አዲስ አበባ ሳሎን ውስጥ ለመተኛት ይሆናል።

ባሌን ለማታውቁት፦ ፓርኩ መስከረም 2016 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ከሰፈረ ወዲህ ከአዲስ አበባ የሚሄደው ሰው በዝቷል፣ ደስ ይላል። ግን አየሩ የኛ አየር አይደለም። እኛ ጋ መስቀል ሲደርስ ሰማዩ ይጠራል፤ ባሌ ላይ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ሊዘልቅ ይችላል። ዲንሾ፣ ጉዞው የሚጀመርበት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የሳነቴ አምባ 4,000፣ የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ 4,377 ሜትር። ሺህ ሜትር በወጣህ ቁጥር አየሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከዚያ ላይ ንፋሱን ጨምሩበት፤ ሜዳው ላይ ከጅባራ በቀር የሚያስቆመው ነገር የለም።

ከዲንሾ ፈረስ ተከራይተን በወብ ሸለቆ ወደ ሶዶታ፣ ድንኳን ወደምንተክልበት ቦታ፣ ተነሳን። ዝናቡ እኩለ ቀን ላይ ጀመረ። አንድ ሰዓት ያህል ጃኬቴ ጥሩ ነበር። ከዚያ ትከሻዬ ላይ ቀዝቃዛ መስመር ተሰማኝ፤ ቀጥሎ ክንዴ ላይ፤ ቀጥሎ ጀርባዬ ላይ። ቤት ከተመለስኩ በኋላ ሻወር ሥር ሰቅዬ ስላየሁት ምን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። ጨርቁ ራሱ ውሃ አያስገባም። ግን ስፌቱ ከውስጥ በኩል ቴፕ አልተለጠፈበትም፣ መርፌ የወጋበት ቀዳዳ ሁሉ ክፍት ነው። አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በስፌቱ መስመር ላይ ጠብታዎች ተራ በተራ ብቅ ብቅ አሉ፣ ግንባር ላይ እንደሚወጣ ላብ። ጃኬት ስትገዙ ገልብጡት። ስፌቱን ተከትሎ የሚሄድ፣ ጣት የሚያክል ለስላሳ ቴፕ ከሌለ እሱ የንፋስ ጃኬት ነው እንጂ የዝናብ አይደለም፤ ስሙ ማንም ይሁን ማን።

የፈረሱ ባለቤት በብርድ ልብሱ ላይ ላስቲክ ደርቦ ከፊቴ ይሄዳል፤ ደረቅ ነው። አያቴ ትዝ አሉኝ። የመንዝ ሰው ነበሩ፤ ከብት ሲጠብቁ ከሣር የተሠራ ገሳ ለብሰው ውለው ይገቡ ነበር፤ ውሃው እንደ ሣር ክዳን ቁልቁል ይወርድበታል። ልጅ ሆነን እንስቅበት ነበር። እኔ እንግዲህ በዘመናዊ ጃኬት እስከ አጥንቴ በስብሼ ያንን ገሳ ተመኘሁት።

ድንኳኑ ላይ ልቆይ፣ ዋናው ጉዳት እዚያ ነውና። 1.3 ኪሎ የሆነው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ካስማውና መያዣ ከረጢቱ አልተቆጠሩም፤ ሁሉም ሲመዘን 1.9 ነው። ይሄ የተለመደ ብልጠት ስለሆነ ይለፈው። ሁለተኛው ነው ጉዱ፦ የላይኛው ልብስ፣ ድንኳኑን ከዝናብ የሚሸፍነው ጨርቅ፣ ግማሽ ነው። እንደ ባርኔጣ አናቱን ብቻ ይሸፍናል፣ ጎኑ እስከ ታች መረብ ነው። ለቆላ ሰው ተመችቶ የተሠራ፣ ነፋሻ ድንኳን። ባሌ ላይ ግን ዝናብ ከላይ አይመጣም፤ ከጎን ነው የሚመጣው። የፈረስ ነጂዎቹ አለቃ ገና ስተክለው ዞሮ ዞሮ አየውና «ይሄ ቀሚሱ የት አለ?» አለኝ። ለንፋስ አገር የላይኛው ልብስ መሬት ሊነካ ጥቂት ጣት እስኪቀረው መውረድ አለበት። ፎቶው ላይ ያንን ካላያችሁ ሌላውን መጠየቅ አያስፈልግም።

መሬቱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የወብ ሸለቆ በባሌ ብቻ የሚገኘው ግዙፉ ፍልፈል የሚኖርበት ነው፤ ቀይ ቀበሮው እዚያ የሚውለው እሱን ሊበላ ነው። አፈሩ ከሥር ተቦርቡሮ፣ በዝናብ ርሶ፣ እንደ ስፖንጅ ነው። ከሴቱ ጋር የመጡት ካስማዎች ከእርሳስ የቀጠኑ ሽቦዎች፣ ስምንት ብቻ። በጣት ይገባሉ፣ በጣት ይወጣሉ። አውታሮቹን ድንጋይ ላይ አስረን ነው ያቆምነው።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁና ጣሪያው ፊቴ ላይ ተኛ። ዘንጉ ፋይበር ግላስ ነው፤ ሲሰበር እንደ ሸምበቆ በቁመቱ ተሰነጠቀ፤ ስንጥሩ እስካሁን አውራ ጣቴ ላይ ምልክት አለው። የአሉሚኒየም ዘንግ ንፋስ ሲያሸንፈው ብዙ ጊዜ ይጎብጣል፣ መልሰህ ታቃናዋለህ። በባትሪ ብርሃን ሁለት ካስማ ግራና ቀኝ አድርጌ በፕላስተር ጠመጠምኩት፤ ግማሽ ሰዓት ቆየ። ወለሉም ይጠባል። በጉልበቴ በተንበረከክሁበት ቦታ ሁሉ ውሃ ከታች ወጣ።

የወለሉ ነገር ከቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። ጨርቁ ምን ያህል ቁመት ያለው የውሃ ዓምድ ተሸክሞ ሳያንጠባጥብ እንደሚቆም በሚሊ ሜትር ይለካል። የኔ ድንኳን 800 ነበር፣ ሣጥኑ ጎን ላይ ተጽፏል፤ እኔ የምን 800 እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም። ለላይኛው ልብስ ከ1,500 በታች አትቀበሉ። ለወለል፣ የሰው ጉልበትና ክርን ስለሚጫነው፣ 3,000 ከዚያም በላይ ይሻላል። እርግጥ ቁጥር ሻጩ እንደፈለገ ሊጽፈው ይችላል፤ ያልተጻፈበት ግን የባሰ ነው።

አብራኝ የነበረችው ጓደኛዬ መንቀጥቀጤን ሰምታ ድንኳኗ ውስጥ አስገባችኝ። የጃኬቴን ዚፕ መክፈት አቅቶኝ እሷ ነች የከፈተችልኝ፤ ጣቶቼ አይታዘዙም። ጥጥ ሹራቤን አስወልቃ የራሷን ሱፍ አለበሰችኝ። ሹራብ ከጥጥ ከሆነ ሲርስ ጠላት ነው፣ ጂንስም እንደዚያው። ሁለተኛውን ሌሊት ለሁለት ሰው በተሠራ ድንኳን ሦስት ሆነን አነጋን፤ በማግስቱ ጉዞውን አሳጥረን ተመለስን። ቀይ ቀበሮ ግን አይቻለሁ። ከኔ ይልቅ ደረቅ ነበር።

ስመለስ ለሻጩ ፎቶዎቹን ላክሁለት። መልሱን እንዳለ ልጻፈው፦ «ወንድሜ ዕቃው ለሃይኪንግ ነው እንጂ ለዝናብ አይደለም።» «100% ዋተርፕሩፍ» ያለበትን የራሱን ማስታወቂያ መልሼ ላክሁለት። ብሎክ አደረገኝ።

እዚህ ላይ የኔም ጥፋት አለ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። እኔ ዕቃውን ሳልፈታው ለጉዞው አስቀመጥሁት፤ መስከረም 5 ስመለስ 20 ቀን ሞልቶታል፣ ደረሰኝም የለኝም። እናንተ ዕቃው እንደመጣ በዚያው ቀን ግቢ ውስጥ ትከሉት። በባልዲ ውሃ ከጎን ርጩበት፣ ከላይ ሳይሆን ከጎን። ጃኬቱን ሻወር ሥር ስቀሉት፣ ኪሱ ውስጥ ሶፍት ክተቱ። ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ አንድ ሌሊት በረንዳ ላይ እደሩበት፤ ቤተሰብ ይስቅባችኋል፣ ይሳቅ።

ብር ከሌላችሁ ደግሞ ድንኳን ባትገዙ ይሻላል። ከሚያውቁት ሰው ተዋሱ ወይም ተከራዩ፣ ገንዘባችሁን ስፌቱ የታሸገ ጃኬት ላይ አውሉት። ባሌ ላይ ዕቃውን ፈረስ ስለሚሸከመው ግማሽ ኪሎ ለማዳን ብላችሁ ግማሽ ድንኳን አትግዙ። ከዲሲ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ፣ ጃኬትና ፍራሽ አስመጡ፤ ሁለቱም ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጁም። ፍራሹን ችላ አትበሉ፤ ከሥር ያለው መሙያ በሰውነታችሁ ክብደት ስለሚጨፈለቅ ከመሬት የሚመጣውን ብርድ የሚከለክለው ባጉ ሳይሆን ፍራሹ ነው። ለቦርሳ የዝናብ ሽፋን አትጨነቁ፤ የኔን ንፋሱ በመጀመሪያው ቀን ወስዶታል። መርካቶ ወፍራም ላስቲክ ከረጢት ገዝታችሁ ቦርሳው ውስጥ አስገቡ፣ ልብሳችሁን እሱ ውስጥ፣ አፉን ጠምዝዛችሁ እሰሩት። ከሁሉም ዕቃዬ ደርቆ የተረፈው ጓደኛዬ እንደዚያ ያሰረችልኝ ካልሲ ብቻ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «የድንኳኑን ስፌት በሲልከን ዝጋው» ብላችሁኛል። ሞክሬዋለሁ። ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገዝቼ በብሩሽ ቀባሁት፤ ሲደርቅ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ። የርካሽ ድንኳን ጨርቅ ቅቡ ፖሊዩሪቴን ነው፣ ሲልከን አይይዝበትም። ለእሱ የሚሆነው ማሸጊያ ሌላ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ እስካሁን አላገኘሁትም። ያገኛችሁ ካላችሁ ሱቁን ጠቁሙኝ።

ድንኳኑን «ካልፈለግኸው ሽጥልኝ» ያላችሁኝ አላችሁ። አልሸጥም፣ ለሰው አላደርገውም። እናቴ ግቢ ውስጥ በርበሬ ታሰጣበታለች። ደመና ስታይ ግን በርበሬውን አንስታ ቤት ታስገባለች።