አመርስፎርት መሃል ከተማ ቤት ስትከራዩ፦ ከሱቅ በላይ ያለው አሮጌ ቤት ወይስ አዲሱ አፓርታማ?

በ2025 አንድ ቅዳሜ ከወዳጄና ከባለቤቱ ጋር ሁለት ቤት ለማየት ወጣን። (ቀኑም ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።) ሁለቱም ኔዘርላንድስ፣ አመርስፎርት መሃል ከተማ ናቸው። አንደኛው ከላንገስትራት፣ ከዋናው የገበያ መንገድ ገባ ብሎ፣ ከሱቅ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሌላው ከኤም ወንዝ አጠገብ፣ ከባቡር ጣቢያው በእግር 10 ደቂቃ ግድም የሚወስድ አዲስ ሕንፃ ነው። ማስታወቂያው ላይ አሮጌው 1,120 ዩሮ፣ አዲሱ 1,180 ዩሮ ይላል።

ወዳጄ በሩ ላይ እንኳ ሳንደርስ «60 ዩሮ በወር፣ በዓመት 720 ነው» ብሎ ጨርሶ ነበር። ባለቤቱ ዝም አለች። እሷ ኩሽናውን ሳታይ አፏን አትከፍትም።

አመርስፎርትን የመረጡት ለባቡሩ ነው። ዩትሬክት ሩብ ሰዓት ነው፤ አምስተርዳም ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ብዙ ሐበሻ ሥራው ዩትሬክት ሆኖ ቤት ያጣው እንዲህ ወዳሉ መካከለኛ ከተሞች ይመጣል። ቤት እዚህም እንደ ልብ አይገኝም፤ ብቻ ከአምስተርዳም ይሻላል።

ደረጃው

የአሮጌው ቤት ደረጃ መሰላል በሉት። ቀጥ ያለ ነው፤ እርከኑ የሚይዘው ግማሽ እግር ነው። ወዳጄ የሁለት ዓመት ልጁን ታቅፎ ወጣ። ሲወርድ ግን ፊቱን ወደ ደረጃው አዙሮ፣ በአንድ እጁ ገመዱን ይዞ ነው የወረደው። የልጅ ጋሪ ታች ማቆም አይቻልም፤ መተላለፊያው ጠባብ ነው። ሶፋና ፍሪጅም በዚያ አይወጣም። እዚህ አገር ዕቃ በመስኮት ነው የሚገባው። መንገድ ላይ የሚቆም የዕቃ ሊፍት በሰዓት ይከራያል፤ ይህን ወጪ ማስታወቂያው ላይ አታገኙትም።

እውነት ለመናገር ግን ቤቱ ያምራል። ጣሪያው ላይ ያረጁ የእንጨት ተሸካሚዎች ይታያሉ። በኋላ መስኮት 98 ሜትሩ የኦንዘ ሊቨ ፍራው ማማ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደወሉም ይሰማል፣ ያውም ደጋግሞ። ለእኛ ደወል አዲስ ነገር አይደለም። የማይለመደው ጠዋት በጨለማ ለሱቆቹ ዕቃ የሚያራግፈው መኪና ነው።

አዲሱ ቤት ሊፍት አለው። ምድር ቤት ለሳይክልና ለጋሪ የሚሆን የግል ዕቃ ቤት አለው። መስኮቱ ሲዘጋ ጭጭ ይላል። ውበት ግን አትጠብቁ፤ ነጭ ግድግዳና ግራጫ ሲሚንቶ ነው። አዎ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው።

ባዶ ማለት ባዶ ነው

ኔዘርላንድስ ውስጥ ኪራይ ቤት ሦስት ዓይነት ሆኖ ይቀርባል። «ካል» ማለት ባዶ ነው። ባዶ ሲሉ ደግሞ የምራቸውን ነው፤ ወለል የለም፣ መጋረጃ የለም፣ አምፖል እንኳ የለም፣ ሽቦው ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ። «ኸስቶፌርት» ማለት ወለልና መጋረጃ ያለው ነው። «ኸሜዉቢሌርት» ደግሞ አልጋው፣ ሶፋው፣ ሹካው ጭምር የገባለት ነው። የመጨረሻው ሻንጣ ብቻ ይዞ ለመጣና ለአጭር ጊዜ ለሚቆይ ይሆናል። ቤተሰብ ላለው ግን የሰው ሶፋ ላይ ለመቀመጥ በየወሩ መክፈል ነው።

አሮጌው ቤት ኸስቶፌርት ነው፤ አዲሱ ካል። አዲሱ ቤት 62 ካሬ ነው። ርካሽ ላሚኔት (እንጨት መሳይ የወለል ንጣፍ) ከነሥሩ ገዝተን፣ ራሳችን ብናነጥፈው ብለን ስናሰላ 1,400 ዩሮ ግድም መጣ። ለሦስት ዓመት ቢካፈል በወር 39 ዩሮ ነው።

ከዚህ የምታመልጡበት መንገድ አለ። ለቃቂው ተከራይ ወለሉን ሊሸጥላችሁ ይችላል፤ «ኦቨርናመ» ይሉታል። አለበለዚያ ነቅሎ መውጣት ስላለበት፣ ብትገዙት እሱም ይገላገላል። ግን አከራዩ ተስማምቻለሁ ብሎ በጽሑፍ ይስጣችሁ። እኔ ከዓመታት በፊት በቃል ብቻ ተስማምቼ ገባሁ። ስወጣ «ይሄን ወለል ማን አስቀመጠው?» ተባልኩ። ለማስነቀያ 400 ዩሮ ከመያዣዬ ላይ ተቆረጠ። ወለሉ የእኔ እንኳ አልነበረም!

60 ዩሮዋ የት ገባች

ዋናው ነገር እዚህ ነው። አሮጌው ቤት የኢነርጂ ሌበሉ፣ ማለትም ኃይል ቆጣቢነቱን የሚያሳየው ደረጃ፣ ኢ ነው (ወደ ኤ ሲጠጋ ይሻላል)፤ የፊት ለፊት መስኮቶቹ አንድ መስታወት ብቻ ናቸው። ማሞቂያው በጋዝ ነው። የወጣው ተከራይ ለጋዝና ለመብራት በወር 230 ዩሮ ይከፍል እንደነበር ጠይቀን አወቅን። አዲሱ ሌበሉ ኤ ነው። ለማሞቂያና ለመብራት 110፣ ለሕንፃው አገልግሎት ደግሞ 65 ዩሮ ይከፈልበታል። ደምሩት። አሮጌው 1,350፣ አዲሱ 1,355። ወዳጄ ስልኩ ላይ ሁለቴ ደመረው።

ስለዚህ ቤት ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሌበሉ ምንድን ነው? ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ለኢነርጂ ስንት ይከፍል ነበር? የአገልግሎት ክፍያው ምን ምን ይጨምራል? አከራዩ የአገልግሎቱን ወጪ በየዓመቱ ዘርዝሮ ማሳየት አለበት። ሳይዘረዝር ዝም ካለ አትተዉት።

ነጥብ ቁጠሩ

ይህን ብዙ ወገን ስለማያውቀው ረዘም አደርገዋለሁ። እዚህ አገር ቤት በነጥብ ይለካል። ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር፣ ለኩሽናው፣ ለመታጠቢያው፣ ለኢነርጂ ሌበሉ፣ ለቤቱ ግምት ነጥብ ይሰጣል። ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ እስከ 143 ነጥብ ያለው በዝቅተኛው ኪራይ፣ ከ144 እስከ 186 ያለው በመካከለኛው ይመደባል። አከራዩ ከዚያ በላይ መጠየቅ አይችልም። በ2025 የዝቅተኛው ጣሪያ 900.07 ዩሮ፣ የመካከለኛው 1,184.82 ዩሮ ነበር። ከ187 ነጥብ ጀምሮ ያለው ዋጋው ነጻ ነው።

አዲሱ ቤት በ1,180 የተለጠፈው ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ። ጣሪያውን ታክኮ ነው የቆመው። ግን ነጥቡ ስለሚሞላ ሕጋዊ ነው።

አሮጌው ግን ያጠራጥራል። 58 ካሬ ነው፣ ሌበሉ ኢ፣ ኩሽናው ትንሽ። በእኔ አቆጣጠር 144 መድረሱ ራሱ ያጠያይቃል። እርግጥ በአገር አቀፍ ቅርስነት የተመዘገበ ቤት ከሆነ ኪራዩ ላይ 35 በመቶ ጭማሪ ይፈቀዳል፤ ይህን ማጣራት ያስፈልጋል። ደላላውን «የነጥቡን ወረቀት ማየት እንችላለን?» አልኩት። «በኋላ በኢሜይል» አለ። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ወረቀቱ ከውሉ ጋር መሰጠት ያለበት ነው። ኢሜይሉ አልመጣም። የመጣው ሌላ ነው፦ «ለውል ማዘጋጃ 250 ዩሮ»።

አዲስ አበባ ለደላላ መክፈል ስለለመድን ብዙዎቻችን ዝም ብለን እንከፍላለን። እዚህ ግን ለአከራዩ የሚሠራ ደላላ ከተከራይ የማገናኛ ክፍያ መውሰድ አይችልም፤ ስሙን የውል ወይም የአስተዳደር ክፍያ ቢለው ያው ነው። መያዣም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም።

ኪራዩ በዝቷል ብላችሁ ብትጠረጥሩ ሁርኮሚሲ የሚባል የኪራይ ጉዳይ መርማሪ አካል አለ። ማመልከቻው 25 ዩሮ ነው፤ ከረታችሁ ይመለሳል። ከገባችሁ በ6 ወር ውስጥ ሂዱ። ውሉ ማብቂያ የሌለው ከሆነ፣ አሁን ደግሞ ከጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች በቀር እንደዚያ መሆን አለበት፣ አከራዩ ከሰሳችሁኝ ብሎ ሊያስወጣችሁ አይችልም። ያም ሆኖ ከአከራይ ጋር በጠብ መጀመር ለሁሉም ሰው አይሆንም። ወዳጄ «እኔ ገና ስገባ ክስ?» አለ። አልፈረድኩበትም።

ጀበናዋና ምጣዱ

ሚስቱ የተናገረችው አዲሱ ቤት ኩሽና ውስጥ ነው። ምድጃውን በጣቷ ነካ አድርጋ «ጋሼ፣ ይሄ ኢንዳክሽን ነው አይደል? ጀበናዬ ምን ሊሆን ነው?» አለችኝ። ልክ ናት። ከ2018 አጋማሽ ወዲህ አዲስ ቤት የጋዝ መስመር አይገባለትም። ኢንዳክሽን ደግሞ ማግኔት የሚይዘው ብረት ድስት ካልሆነ አያሞቅም። የሸክላ ጀበና ቢጥዱበት ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ ነው። በዚህ በኩል ጋዝ ያለው አሮጌው ቤት ያሸንፋል።

ምጣድ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የእነሱ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ነው። እዚህ አንድ መስመር በ16 አምፔር ፊውዝ ሲጠበቅ 3,680 ዋት ገደማ ነው የሚችለው። ምጣዱ ብቻውን ከሆነ ለጥቂት ያልፋል። በዚያው መስመር ማጠቢያ ማሽን ከተከፈተ ግን ፊውዙ ዘሎ መስመሩ ይጠፋል። አሮጌው ቤት የቆጣሪ ሳጥን ውስጥ የቆጠርኩት ሦስት መስመር ብቻ ነው። አዲሱ ስምንት አለው። ቤት ስታዩ ያቺን ቁምሳጥን ክፈቷት፤ ማንም አይከለክላችሁም።

የጭስ ጠቋሚ ከ2022 አጋማሽ ጀምሮ በማንኛውም ቤት፣ በየፎቁ ግዴታ ነው። ስለዚህ ቡና መቁላት የትም ቢሆን መስኮት ከፍቶ ነው።

ለማን የትኛው

ብቻችሁን ከሆናችሁ፣ ወይም ሁለት ሆናችሁ ዓመት ሁለት ዓመት ለመቆየት ካሰባችሁ፣ አሮጌው ይሻላል። ለወለል አታወጡም፤ ቅዳሜ ሆፍ አደባባይ ያለው ገበያ ደጃችሁ ነው። ግን የነጥቡን ወረቀት ሳታዩ አትፈርሙ። ልጅ ካላችሁ፣ ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ከሆነ፣ ወይም ለመክረም ከሆነ አዲሱን ውሰዱ። ገቢያችሁን ግን ቀድማችሁ አስሉ፤ ብዙ አከራዮች ያልተጣራ ደመወዝ የኪራዩን ሦስት እጥፍ ይላሉ። 1,180 ሲሆን 3,540 ዩሮ ነው።

መኪና ያላችሁ ደግሞ የማቆሚያ ፈቃድ ለዚያ አድራሻ ይሰጥ እንደሆነ ኸሜንተውን፣ ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቁ። አንዳንድ አዲስ ሕንፃ ነዋሪው መንገድ ላይ እንዲያቆም አይፈቀድለትም። እዚህ አድራሻ አትመዝገቡ የሚል አከራይ ካጋጠማችሁ ዞር በሉ። ቤቱን ሳታዩ ገንዘብ ላኩ የሚላችሁም ሌባ ነው።

ዝቅተኛውን ኪራይ ከቤት አከራይ ማኅበራት የምትጠብቁ ከሆነ ዛሬውኑ ተመዝገቡ፤ ወረፋው በዓመታት ነው የሚቆጠረው። ክፍል ብቻ ተከራይቶ መቆየትም አለ። ነገር ግን የራሱ በር፣ የራሱ ኩሽናና ሽንት ቤት ለሌለው ቤት የኪራይ ድጎማው፣ ሁርቱስላኹ፣ አብዛኛውን ጊዜ አይሰጥም።

ወዳጆቼ አዲሱን ወሰዱ። የለቃቂውን ወለል በ500 ዩሮ ገዙ፤ አከራዩም ፈርሞ ሰጠ። ቤት ለእንቦሳ ብለን ስንገባ ባለቤቱ ያን ሁሉ ዘመናዊ ምድጃ በጨርቅ ሸፍናዋለች። አጠገቡ በ25 ዩሮ የተገዛች ተራ የኤሌክትሪክ ምድጃ ተቀምጣለች። ጀበናዋ እሷ ላይ ነበረች፤ መስኮቱም ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር።