የስጋ መቀቢያ ስትገዙ፦ ሲሊኮን፣ ጥጥ፣ መርጫ ወይስ የጥብስ ቅጠል?

ጅማ ላይ በፍም ስጋ ለሚጠብስ ሰው የሚቀባ ነገር አይቸግርም። ማሩ አለ፣ ቅቤው አለ፣ አዋዜው አለ። የሚቸግረው መቀቢያው ነው። ብዙ ሰው የቀለም ብሩሽ ገዝቶ ይገባል። እሱን በፍጹም አልመክርም፣ ስለዚህ ከሱ ልጀምር።

የተፈጥሮ ጸጉር ያለው የቀለም ብሩሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከአሳማ ጸጉር ነው። ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም አሳማ በማይበላበት ከተማ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እንግዳ ጠርታችሁ የምታቀርቡት ስጋ ነዋ! በዚያ ላይ ጸጉሩን የያዘው ሙጫ ለምግብ ተብሎ አልተሠራም። ቆርቆሮው ይዝጋል፣ ጸጉሩም እየተነቀለ ስጋው ላይ ይቀራል። ለወጥ ቤት ተብለው የሚሸጡ ባለጸጉር ብሩሾችም ከምን እንደተሠሩ ካልተጻፈባቸው ተዋቸው። የናይለኑ ደግሞ ትኩስ ብረት ሲነካ ይቀልጣል።

ሲሊኮን ብሩሽ ለአብዛኛው ቤት የሚበቃው ነው። እስከ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ይችላል፣ ጸጉር አይጥልም፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና ቶሎ ይጸዳል። ፍም ላይ ግን አታስተኙት፣ የፍም ሙቀት ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ወፈር ላለ ነገር፣ ለምሳሌ በማር ለተለወሰ አዋዜ፣ ከሱ የተሻለ የለም። ማሩን መጨረሻ ላይ፣ ስጋው ሊወጣ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ቀቡት። ቀድማችሁ ከቀባችሁት ውስጡ ሳይበስል ላዩ አሮ ይመራል።

ድክመቱ በቀጭን ነገር ላይ ነው። የቀለጠ ቅቤ ውስጥ ነክራችሁ ስታነሱት ግማሹ መንገድ ላይ ይንጠባጠባል። ፍሙ ላይ ሲያርፍ እሳቱ ቦግ ይላል፣ ስጋውም ጥላሸት ይለብሳል። ስትገዙ እጀታው ረዘም ያለውን ምረጡ። 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ እጅ አያቃጥልም። ጭንቅላቱ ተነቅሎ የሚታጠብ ቢሆን ይመረጣል፣ መጋጠሚያው ውስጥ የሚገባው ስብ ካልወጣ ይሸታልና።

ለቅቤ የሚሆነው ግን የጥብስ ቅጠል ነው። ረዘም ረዘም ያሉ ቅርንጫፎችን ሰብስባችሁ እንጨት ጫፍ ላይ በክር ማሰር ብቻ ነው። ቅጠሎቹ ጥቅጥቅ ስላሉ ቅቤውን ይዘው ስጋው ድረስ ያደርሱታል። ሙቀቱ ሲነካቸው ሽታቸው ቅቤው ውስጥ ይገባል። ማጠብ የለ፣ ማስቀመጥ የለ። ሲያበቃ ፍሙ ላይ ጣል ብታደርጉት ጭሱ ራሱ ስጋውን ያጣፍጠዋል። ወፍራም አዋዜ ላይ አይሆንም፣ ይተበተባል።

ከግማሽ በርሜል በተሠራ ግሪል፣ ከጉንደላ በተረፈ የቡና እንጨት ስጋ ለሰዓታት የሚያጨስ ሰው ምርጫው መርጫ ጠርሙስ ይሁን። መርጫው ስጋውን ስለማይነካ ላዩ ላይ የተነሰነሰውን ቅመም አይጠርገውም። ውሃ ላይ ትንሽ አቼቶ ወይም የተጠለለ ሎሚ ይበቃል። በርበሬ ያለበት ነገር አፍንጫውን ይደፍነዋል። ጠርሙሱ አዲስ ይሁን፣ የጽዳት ኬሚካል ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን አጥቦ መጠቀም አደጋ ነው። የግሪሉን ክዳን ቶሎ ቶሎ አትክፈቱ፣ በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ያመልጣል። የተረጨው ውሃም ሲተን ስጋውን ያቀዘቅዘዋል። የስጋው ላይ ደረቅ እስኪል ጠብቁ፣ ከዚያ በየ45 ደቂቃው ወይም በየሰዓቱ መርጨት ይበቃል።

የጥጥ መቀቢያው፣ ያ ትንሽ መወልወያ የሚመስለው፣ በአሜሪካ ደቡብ ብዙ ስጋ በአንዴ የሚያበስሉ ሰዎች መሣሪያ ነው። ሙሉ በግ ወይም ብዙ ጎድን ለሚጠብስ ደጋሽ ይጠቅማል። ቀጭን መረቅ በብዛት ይይዛል፣ ነካ ነካ ማድረግ ብቻ ነው። ችግሩ እጥበቱ ነው። ስቡ ጥጡ ውስጥ ይቀራል፣ መቀቀል ይፈልጋል። በጅማ ክረምት ደግሞ ዝናቡ ፋታ ሲያሳጣ ጥጡ ቶሎ አይደርቅም፣ ይሻግታል። ለቤተሰብ ጥብስ አትግዙት። ለድግስ ከሆነ ግን ጭንቅላቱን ብቻ ገዝታችሁ እጀታውን ለከተማው እንጨት ሠሪዎች ማሠራት ትችላላችሁ።

አንድ ብቻ ልግዛ ለሚለኝ ሲሊኮኑን እላለሁ። ሁለት ከሆነ መርጫውን ይጨምር፣ የጥብስ ቅጠሉ ከጓሮም ከገበያም አይጠፋም። የትኛውንም ብትይዙ የሚቀባውን ለሁለት ሳህን ክፈሉት፦ አንዱ ለጥሬው፣ አንዱ ለበሰለው። ጥሬ ዶሮ የነካ ብሩሽ ሳይታጠብ ወደ ሁለተኛው ሳህን አይግባ፣ ከመጀመሪያው ሳህን የተረፈውም ሳይፈላ ገበታ ላይ አይቅረብ።