«እርጥብ ነው ደረቅ?» ላሉን በያጅ ምስጋና

ማገዶ የሚቆርጥና የሚጭን ተሳቢ ለማሠራት ያሰባችሁ ወገኖች፣ ብረት ከመግዛታችሁ በፊት ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉትን በያጅ አማክሩ። ይህን በማኅበራችን ስም የምንጽፈው ለማመስገን ነው። ምስጋና ብቻ ቢሆን ግን ሄደን እጃቸውን ስመን እንመለስ ነበር፤ የጻፍነው ሌላው እንዳይከስር ብለን ጭምር ነው።

ሌላ ቦታ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት በስንት ይሁን?» ነው። እሳቸው ግን «የምትጭኑት እርጥብ ነው ደረቅ?» አሉ። ቀላል ጥያቄ ይመስላል። 3 ሜትር በ1.6፣ የጎኑ ከፍታ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን የተደረደረ ፍልጥ ወደ 4.3 ሜትር ኩብ ይይዛል። ከዚያ ውስጥ ሢሶው በፍልጡ መሃል ያለ አየር ነው፤ እንጨቱ ራሱ 2.8 ገደማ ቢሆን ነው። ትናንት የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ሜትር ኩቡ አንድ ቶን ይመዝናል፤ ስለዚህ ጭነቱ ወደ 3 ቶን ይጠጋል። ያው ሳጥን በደረቅ ፍልጥ ቢሞላ 2 ቶን ገደማ ነው። ከጫካ የሚወጣው ደግሞ ሁልጊዜ እርጥቡ ነው። ተሳቢው 800 ኪሎ፣ መጋዙ ከነጠረጴዛው 120 ኪሎ ሲታከልበት 3.9 ቶን ሆነ። ሒሳቡ በላሜራ ላይ በጠመኔ ከተጻፈ በኋላ ነው ብረት መቁረጥ የተጀመረው።

ከእሳቸው በፊት ሌላ ተሳቢ የሠሩልንን ሰዎች ስማቸውን አንጠራም። ሥራቸውን ግን እንናገራለን። አክስሉን፣ ማለትም ጎማዎቹ የሚታሰሩበትን ዘንግ፣ ልክ በሳጥኑ መሃል አስቀመጡት። ባዶውን ሲያዩት ቀጥ ብሎ ቆሞ ያምራል። ጭነቱ ትንሽ ወደ ኋላ ካዘነበለ ግን ማያያዣው የትራክተሩን ኋላ ወደ ላይ ያነሣል፤ ዳገት ላይ የኋላ ጎማው መሬት ሳይነክስ ይሽከረከራል፣ ቁልቁለት ላይ ተሳቢው እንደ ጅራት ይወዛወዛል። ጎማው የፒክአፕ ሁለት ነጠላ ጎማ ነበር፤ ለ3 ቶን! ብየዳው በቀለም ላይ የተለጠፈ ነው፤ ከላይ መስመሩ ያምራል፣ ከሥሩ አልያዘም። መጎተቻው ክንድ ከሳጥኑ ፊት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ በሁለተኛው ሳምንት ተሰነጠቀ። ስንጠይቅ «ጭነት አብዝታችሁ ነው» አሉን። ስንት እንደሚጫን መቼ ጠየቁና?

አሁን የተሠራው እንዲህ ነው። አክስሉ ከሳጥኑ መሃል 40 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ተቀምጧል፣ ክንዱ 1.8 ሜትር ነው። በዚህ ልክ ከጠቅላላው ክብደት ወደ 500 ኪሎ የሚሆነው በትራክተሩ ማያያዣ ላይ ያርፋል። ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት ይላሉ፤ ከዚያ ካነሰ ተሳቢው ይወዛወዛል፣ ከበዛ የትራክተሩ ፊት ይቀልና መሪው አይታዘዝም። ክንዱን ማሳጠርም አይቻልም፤ መጋዙ የተተከለው ክንዱ ላይ ስለሆነ ጠባብ መታጠፊያ ላይ የትራክተሩ ጎማ ጠረጴዛውን ይገጨዋል። አክስሉ ከአሮጌ የጭነት መኪና ከነሞዞው (ጎማው ከሚታሰርበት ከሚሽከረከረው ጫፉ ጋር) የወጣ ነው፤ ጎማው በየጎኑ ጥንድ፣ በጠቅላላው አራት። ጥንድ ጎማ አንድ ጣጣ አለው፣ በመሃሉ ድንጋይና ፍልጥ ይሰነቀራል። ሳይነሣ ከተነዳ ጎማውን ይበላዋል፤ ከጫካ ሲወጣ ቆም ብሎ ማየት ግድ ነው።

ሻንሲው፣ ሳጥኑን የሚሸከመው አጽም፣ ባለ 12 ሴንቲ ሜትር ዩ ብረት ሆኖ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ተሻጋሪ አለው። የጎን ቋሚዎቹ አይበየዱም፤ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት ብረት) በባለ 60 ውስጥ ይሰካል። ክፍተቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፣ ዝገትና ቅርፊት ቢገባም ይወጣል። ልክክ ብሎ ከገባ በመጀመሪያው ክረምት ይነክሳል፣ ከዚያ በመዶሻ ነው። ወለሉ ላሜራ ነው፣ ግን ተበስቷል። የመጋዝ ዱቄት ውሃ ይዞ ስለሚቀመጥ ያልተበሳ ወለል ከሥር ይበላል።

መጋዙ ጉልበቱን የሚያገኘው ከትራክተሩ ፒቲኦ፣ ማለትም ሞተሩ ከሚያዞረው የኋላ ዘንግ ነው። ፒቲኦው በደቂቃ 540 ዙር፣ ዲስኩ 70 ሴንቲ ሜትር። ባለ 50 ሴንቲ ሜትር ፑሌጃ (ቺንጋ የሚዞርበት መንኮራኩር) ባለ 20ውን ሲያዞር ዲስኩ 1,350 ዙር ይደርሳል፤ የጥርሱ ፍጥነት በሰከንድ 50 ሜትር ያህል ማለት ነው። ይበቃዋል። ይህንኑ የሚያህል ዲስክ በደቂቃ 2,800 ዙር ከሚዞር ሞተር ጋር በቀጥታ ያጋጠሙ አሉ። ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል፣ ዲስኩ ያፏጫል፤ ከተሰነጠቀ የሚቆመው ማንን መትቶ እንደሆነ አይታወቅም። ዲስኩ ላይ የተጻፈውን የዙር ልክ ሳያነቡ ማጋጠም ወንጀል ነው እንላለን። ጉልበቱ የሚተላለፈው በሦስት ቺንጋ ነው። ግንድ ዲስኩን ሲነክሰው ቺንጋው ይንሸራተታል እንጂ ካርዳኑ፣ ከፒቲኦው ወደ መጋዙ የሚሄደው ዘንግ፣ አይሰበርም፤ እና ቺንጋውን እንደ ክራር ክር አትወጥሩት።

ካርዳኑ በመንገድ ላይ ተፈትቶ መንጠቆው ላይ ይሰቀላል። ሲቆረጥ የእጅ ፍሬኑ ይያዛል፣ ጎማው ላይ ሽብልቅ ይገባል፣ የፊት እግሩ ይወርዳል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ አይረሳንም። ሁሉም አልቆ፣ ቀሪ ክፍያ ይዘን፣ ሾፌር አቁመን ልንወስድ ስንል ተሳቢውን አልለቀቁልንም። የዲስኩ መሸፈኛና ግንዱ ተኝቶበት ወደ ዲስኩ የሚገፋው መደገፊያ አላለቀም ነበር። «እሱን ቀስ ብለን እናሠራለን» ብንል «ብረት ቢሰበር እበይደዋለሁ፣ ጣት ግን አይበየድም» አሉ። እስከ ማታ ሠርተው፣ ለዚያ ተጨማሪ ሳይጠይቁ አስረከቡን። አሁን እንጨቱን የሚገፋው መደገፊያው ነው፤ እጅ ከዲስኩ ክንድ ያህል ይርቃል፣ ስፕሪንጉም ወደ ቦታው ይመልሰዋል። እጃቸው ይባረክ! እድሜና ጤና ይስጥልን!

በዚህም አላበቁም። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ደውለው «የጎማውን ዳዶ አጥብቁ፣ ሞዞውን በእጅ ዳብሱ» አሉ። አዲስ የተጋጠመ ዳዶ ይላላል። ሞዞው ሞቅ ቢል ምንም አይደለም፣ እጅ ከፈጀ ግን ኩሽኔታው ከልክ በላይ ጠብቋል ወይም ግራሶ አጥሮታል። አንዱ ጎን ፈጅቶ ተገኘ፤ በስልክ እየነገሩን የጎማውን ሳይሆን ኩሽኔታውን የሚያጠብቀውን ዳዶ ትንሽ መለስ አደረግነውና በረደ።

እውነት ለመናገር ፈጣን አይደሉም፤ ሁለት ሳምንት ብለው ሦስት ፈጀባቸው። የችኮላ ሥራ ካላችሁ ሌላ ፈልጉ። የሚበረክት ከፈለጋችሁ ግን እሳቸው ዘንድ ሂዱ፣ ደግመን እንላለን፣ ሂዱ። ዋጋውን የማንጽፈው የብረት ዋጋ ስለሚለዋወጥ ነው። ስትሄዱ የትራክተሩ ማያያዣ ከመሬት ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ እንደሚል ለክታችሁ፣ የምትቆርጡትን ወፍራሙን ግንድ ውፍረት ይዛችሁ ሂዱ፤ ዲስኩ በአንድ ጊዜ ከ25 ሴንቲ ሜትር በላይ አይቆርጥም። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። እሑድ አይሠሩም።