«8 ሊትር የካምቢዮ ዘይት ገባ» ሲሏችሁ ሳታዩ አትክፈሉ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ የአውቶማቲክ መኪና ባለቤቶች፣ ይህን ሳታነቡ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት እንዳታስቀይሩ። እኔ ከፍዬ ነው የተማርኩት።

2004 ሞዴል ኮሮላ አለችኝ። ማርሽ ስትቀይር መንገጫገጭ ጀመረች። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዤ ሳየው ዘይቱ ቡና መስሏል፤ አዲስ ሲሆን ቀይ ነው። ደሴ ውስጥ አንድ ጋራዥ «ሙሉ ቅየራ፣ 8 ሊትር፣ የእጅ ዋጋ በነጻ» አለኝ። በነጻ ሲባል ማን እምቢ ይላል? የሁለት ባለ 4 ሊትር ጋሎን ሂሳብ ከፈልኩ።

ደሴ ጦሳ ስር የተለጠፈች ከተማ ናት፤ ሜዳ ብርቅ ነው። ልጁ መኪናዋን ጋራዡ በር ላይ፣ አፍንጫዋን ሽቅብ እንዳደረገች ሠራት። አሮጌውን ዘይት በባልዲ አወረደ። አንዱን ጋሎን ሙሉውን አንቆረቆረ። ሞተሩ እንደጠፋ መለኪያውን መዘዘና «ይኸው ሙሉ ነው» አለ። ሙሉ ብቻ? ከላይኛው መስመር አልፏል። ይህን ስነግረው «አብሽር ወንድሜ፣ ሞተር ሲነሳ ይወርዳል» አለኝ። ሁለተኛው ጋሎንስ? «በማጠቢያ ገብቷል።» ማጠቢያ የሚባል ነገር አላየሁም። ያየሁት ጋሎኑ ክዳኑ ሳይነካ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ነው። ያን ጊዜ አፌን ምን እንደያዘው እንጃ።

ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ምንም አልነበረም፤ ቁልቁለት ነዋ። ጉዱ የመጣው ስመለስ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ የከፍታው ልዩነት ግን 600 ሜትር አካባቢ ነው። ሐረጎ የሚባለው አቀበት ላይ የሞተሩ ዙር ይጮኻል፣ መኪናዋ አትሄድም። ከዚያ የተቃጠለ ዘይት ሽታ መጣ። ወርጄ ሳይ ከስር ቀይ ቀይ ይንጠባጠባል። አዙሬ ቀስ እያልኩ ኮምቦልቻ አጎቴ ግቢ ገባሁ።

አጎቴ ድሮ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። እሳቸው የነዱት በእጅ ማርሽ ነው፤ ቢሆንም የዘይት ነገር አይጠፋቸውም። ታሪኩን ሰምተው መጀመሪያ የጠየቁኝ «አንተ ልጅ፣ ስንት ወጣ? ስንት ገባ?» ብለው ነው። መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። እንደኔ ባለው ኮሮላ ከስር ያለውን ብሎን ስትፈቱ የሚወርደው 3 ሊትር ገደማ ነው። የቀረው ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው) ውስጥና ማቀዝቀዣው ቱቦ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ መንገድ 8 ሊትር የሚገባበት ቦታ የለም። እውነተኛ ሙሉ ቅየራ አለ፣ አልዋሽም፤ ወደ ማቀዝቀዣው የሚሄደውን ቱቦ ፈትቶ አሮጌው እየወጣ አዲሱ የሚገባበት። ያኔ ብዙ ሊትር ይሄዳል። ግን ቱቦ ሲፈታ ታያላችሁ፣ የወጣውም ዘይት በዓይን ይቆጠራል።

«ሞተር ሲነሳ ይወርዳል» ያለኝም ግማሽ እውነት ነው። ሞተር ሲነሳ ፓምፑ ዘይቱን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ደረጃው ይወርዳል። ግን ዘይቱ ሲሞቅ ይሰፋና መልሶ ይወጣል። ለዚህ ነው መለኪያው ላይ ሁለት ቦታ ምልክት ያለው፤ «ኩል» ለቀዝቃዛው፣ «ሆት» ለሞቀው። ዘይቱ ሲበዛ ካምቢዮው ውስጥ የሚሽከረከረው ብረት እንደ እንቁላል ይመታዋል። አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም፤ ማርሹ ይንሸራተታል፣ ካምቢዮው ይግላል፣ ዘይቱ በመተንፈሻው ይወጣና ጭስ ማውጫው ላይ ይፈስሳል። የሐረጎው ሽታ እሱ ነበር። ሲያንስም ያው ነው፤ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ዲ ውስጥ አስገብታችሁ መኪናው ቆይቶ ነው የሚነቃነቀው።

በማግስቱ እዚያው ግቢ ራሳችን ቀየርነው። አጎቴ ሰሃን ላይ ውሃ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡና ወዴት እንደሚያዘነብል አዩ። ሦስት ቦታ ሞክረው ነው ሜዳውን ያገኙት። መኪናዋን በክሪክ አነሳን፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንምና ከስር ድጋፍ፣ ጎማው ላይ ታኮ አደረግን። የካምቢዮው ኮፓ (ከስር ያለው የዘይት መያዣ) ብሎን የኔዋ ላይ በ10 ቁጥር ብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ) ይፈታል። የሞተሩን ብሎን ከሱ ጋር እንዳታምታቱ፤ የካምቢዮ ዘይት አፍስሰው ሞተሩ ላይ ዘይት የጨመሩ ሰዎች አሉ። የወጣውን ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ውስጥ እየሞላን ቆጠርን። አራተኛው ሃይላንድ ከግማሽ በላይ ሄደ። መንገድ ላይ የፈሰሰው ሳይቆጠር ማለት ነው።

አዲሱን ዘይት ራሴ ገዛሁ። መለኪያው ላይ የዘይቱ ዓይነት «ቲ-ፎር» ተብሎ ተጽፏል፤ የገዛሁትም እሱን ነው። ልጁ የጨመረው ጋሎን ላይ «ለሁሉም» ነበር የሚለው። ለብዙ ዓይነት መኪና የሚሆን ደህና ዘይት አለ፤ ግን የእናንተ ዓይነት ስሙ ጋሎኑ ጀርባ ላይ መኖሩን አንብቡ። ቀይ ስለሆነ ብቻ አይሆንም፤ ቀለም ነው። ደብሊው ኤስ የሚባለው ሌላው የቶዮታ ዘይት ቀጭን ነው፣ በቲ-ፎር ቦታ አይገባም። ሲቪቲ (የማርሽ ደረጃ የሌለው) ካምቢዮ ያላችሁማ ዘይታችሁ ጭራሽ ሌላ ነው።

ብሎኑን በአዲስ ሮንዴላ አሰርን፣ መኪናዋን በአራት እግሯ አወረድን። በመለኪያው ቱቦ በኩል መጀመሪያ 3 ሊትር ብቻ ጨመርኩ። ሞተር አስነሳሁ፣ ፍሬን ይዤ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል ቀስ ብዬ አዳረስኩና ወደ ፒ መለስኩ። ከዚያ 20 ደቂቃ ያህል ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ነዳሁ። ተመልሼ እዚያው ቦታ አቁሜ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹን ደግሜ አዳርሼ፣ መለኪያውን መዘዝኩ፣ ጠረግኩ፣ መልሼ ከትቼ አነበብኩ። ከ«ሆት» ትንሽ ዝቅ ይል ነበር። በጣም በጥቂቱ ጨመርኩ፣ አነበብኩ፣ ጨመርኩ። መጨመር ቀላል ነው፣ ማውጣት ነው ጣጣው። መለኪያውን ክር በማይለቅ ጨርቅ ጥረጉት።

ደሴ ያላችሁ፦ ሐረጎን ወጥታችሁ እንደደረሳችሁ ወዲያው አትለኩ። ከመጠን በላይ ስለሚግል ያሳስታል፤ 30 ደቂቃ ያህል ይረፍ። መለኪያ የሌላቸው መኪኖችም አሉ። እነሱ የሚለኩት ከስር ባለ መፍሰሻ፣ የዘይቱን ሙቀት በመሣሪያ እያዩ ነው። ይህን እቤት አልሞክረውም።

አሁን ኮሮላዋ ሐረጎን ትወጣለች። ካምቢዮው ምን ያህል እንደተጎዳ ግን ወደፊት ነው የማየው። ጋራዡ ጋ ተመልሼ ሄጄ ነበር። «ካምቢዮህ ድሮም ታሞ ነው የመጣው» አሉኝ። ደረሰኝ አልያዝኩም፤ ይህ የኔ ጥፋት ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ እኔ ግን «የእጅ በነጻ» ሲባል ደረሰኝ መጠየቅ ነውር መስሎኝ ዝም አልኩ።

ጋራዡ የቱ እንደሆነ በውስጥ መስመር አትጠይቁኝ፣ አልናገርም። ግን መኪናችሁ ሽቅብ እንደቆመች፣ ሞተሯ ጠፍቶ፣ ልጁ መለኪያውን መዝዞ «አብሽር» ካላችሁ፣ ሁለተኛውን ጋሎን ሳይከፈት ተቀበሉትና ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ለኩ።