መኪና ተከራይታችሁ ኦሽን ሲቲ ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ እንዳትፈርሙ

ትናንት ማታ ከሜሪላንዷ የባሕር ዳርቻ ከተማ ከኦሽን ሲቲ ተመለስን። ዛሬ ጠዋት የባንክ ሂሳቤን ከፍቼ አየሁ። አሁንም ደሜ እንደፈላ ነው። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ በዚህ ሰመር ትንሽ ልጅ ይዛችሁ ወደ ውቅያኖስ ልትወርዱ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ አንብቡት።

መኪና አከራዮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ኢንተርኔት ላይ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ካውንተር ስትደርሱ ሌላ ነው። ኢንሹራንስ ውሰዱ፣ ከፍ ያለ መኪና ልስጣችሁ፣ ነዳጁን ቀድማችሁ ክፈሉ። ይህን ሁሉ አውቄ ነው የሄድኩት። በእንግሊዝኛ እምቢ ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር። የጠበቀኝ ግን በአማርኛ ነው።

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታለች። ውቅያኖስ በዓይኗ አይታ አታውቅም። ልጄ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። የእኛ መኪና ለሁላችን ከነሻንጣችን ስለምትጠብ ሰፋ ያለች መኪና ያዝኩ፤ ካር ሲትም (መኪና ውስጥ የሚታሰር የልጅ መቀመጫ) አብሬ አዘዝኩ። ከካር ሲቱ ሌላ ሂሳቡ 310 ዶላር ነበር።

ካውንተሩ ላይ ያለው ልጅ መንጃ ፈቃዴን ተቀብሎ ስሜን እንዳነበበ «ሐበሻ ነሽ እንዴ?» አለኝ። ብድግ ብሎ እናቴን በሁለት እጁ ጨበጣት። «እማማ፣ እንኳን ደህና መጡ» አላት። ወደ እኔ ዞሮ «እህቴ፣ አንቺን እኮ አላስቸግርሽም፣ ሁሉንም አስተካክልልሻለሁ» አለኝ። እናቴ ደስ አላትና መረቀችው። «እደግ ልጄ፣ ያሰብከው ይሳካልህ» አለችው። እስካሁን አንጀቴን የሚያቃጥለው የእሷ ምርቃት ነው።

«ኢንሹራንስ አልፈልግም፤ የራሴ አለኝ» አልኩት። «ገባኝ፣ ገባኝ» አለ። ከዚያ ትንሿን ስክሪን ወደ እኔ አዞረ። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ እሱ ደግሞ በጣቱ ቶሎ ቶሎ ወደ ላይ ይገፋዋል። «እዚህ ጋ ፈርሚ፤ ይሄ መኪናውን በሰዓቱ እንደምትመልሺ ነው። እዚህ ጋ ደግሞ፤ ይሄ ኢንሹራንስ እንደማትፈልጊ ነው። በቃ፣ አንድ ቀረሽ።» ልጄ ቀሚሴን ይጎትታል፣ ከኋላዬ ሰልፉ ረዝሟል። ፈረምኩ። «እንደማትፈልጊ ነው» ባለኝ ቦታ ላይ የተጻፈው ግን ኢንሹራንሱን ተስማምቼ እንደወሰድኩ ነው። ኮፒው አሁን እጄ ላይ አለ።

ውጪ ወጥተን ባለቤቴ ካር ሲቱን ሊያስር ሲታገል ቆየ። ቀዩ መቆለፊያ ውስጡ የብስኩት ፍርፋሪ ሞልቶት ቀበቶውን አይዝም። ትገፉታላችሁ፣ ተመልሶ ይወጣል። ገልብጠን ከሥሩ ያለውን ምልክት ስናነብ የአገልግሎት ዘመኑ 2021 ላይ አብቅቷል። ለዚህ ነው በቀን 14 ዶላር የጠየቁኝ! እናቴ «ተዉት፣ እኔ አቅፌው እሄዳለሁ» አለች። ይህ አገር ቤት ያስኬድ ይሆናል፤ እዚህ ግን በሜሪላንድ ሕግ ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ቁመቱ 4 ጫማ ከ9 ኢንች ካልደረሰ በስተቀር፣ ያለ ካር ሲት መኪና ውስጥ አይጫንም። ሕጉስ ባይኖር ልጄን በዚያ ፍጥነት እንዲያው በእቅፍ እወስደዋለሁ?

በዚያው ቅጽበት ደረሰኙ በኢሜል መጣ። ከ750 ዶላር በላይ ይላል። ሁለት ዓይነት ኢንሹራንስ፣ ቀድሞ የተከፈለ ነዳጅ፣ የቶል (የመንገድና የድልድይ ማለፊያ) ክፍያ አገልግሎት፣ የማይቆለፈው ካር ሲት።

እናቴ ተከትላኝ ተመልሼ ገባሁ። በአማርኛ «ወንድሜ፣ አልፈልግም ያልኩህን ነው እኮ ያስከፈልከኝ» አልኩት። ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። በእንግሊዝኛ «ማም፣ ፈርመሻል» አለኝ። እንደገና በአማርኛ ጠየቅኩት። እንደገና በእንግሊዝኛ መለሰልኝ። ማናጀር ጥራልኝ ስለው የለም አለ። ስለ ካር ሲቱም ያለን ይኸው ነው፣ ካልፈለግሽ ተይው አለኝ። እናቴ ክንዴን ይዛ «ምን አለሽ? ምን አለሽ?» ትለኛለች። ትንሽ ቀደም ብሎ እማማ ያላት ልጅ ፊቷ ቆሞ አንዲት ቃል ሊያስረዳት አልፈለገም። ከጎኑ ካለው የሥራ ባልደረባው ጋር ተያይተው ፈገግ አሉና ቀጣዩን ደንበኛ ጠራ። በሰው ፊት ያን ያህል የተናቅኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ሆቴሉ ተከፍሎበታል፣ ገንዘቡ አይመለስም። ከሱቅ አዲስ ካር ሲት ገዛን። በዚህ ሁሉ ሰዓቱ ሄዶ ቤይ ብሪጅ የሚባለው ድልድይ ስንደርስ የዓርብ ማታው ሰልፍ ጠበቀን። ልጄ ሲያለቅስ ቆይቶ እንቅልፍ ወሰደው። እናቴ ያን ከ4 ማይል በላይ የሆነ ድልድይ ስንሻገር ዳዊቷን ከቦርሳዋ አላወጣችም፤ በቃሏ ነበር የምትደግመው።

ቶሉም ሌላ ጉድ ነው። በዚህ መንገድ ዲሲ አጠገብ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ኦሽን ሲቲ ያለው ቶል የድልድዩ ብቻ ነው። እሱም ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ እንጂ ስትመለሱ አይከፈልም። የሜሪላንድ ኢዚፓስ (መኪና ላይ የሚለጠፍ የቶል መክፈያ መሣሪያ) ላለው ሰው 2.50 ዶላር ነው። እነሱ ግን መኪናዋ ሆቴል በር ላይ ቆማ ለዋለችበት ቀን ሁሉ 13 ዶላር ቆርጠውብኛል፤ የድልድዩን ክፍያ ደግሞ ለብቻው። በመኪናዋ ያለውን የእነሱን የቶል መሣሪያ እንዲከፍቱልኝ የጠየቅኩት ነገር የለም።

ባሕሩ መልካም ነበር። ልጄ አሳቲግ ደሴት ላይ የዱር ፈረሶቹን አይቶ እስካሁን ስለ እነሱ ያወራል።

ለማንኛውም፦ ካር ሲት ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የኪራይ መኪናውን ታርጋ በራሳችሁ ኢዚፓስ ላይ አስመዝግቡ። ስክሪኑን እናንተው ግፉት፤ አማርኛ የሚናገር ሰው ቢያነብላችሁም ራሳችሁ አንብቡ። የሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አለው፤ አቤቱታዬን ዛሬውኑ ከነካር ሲቱ ፎቶ አስገባለሁ። ባንኩም ጋ ደውያለሁ። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባችሁ ካላችሁ ውላችሁን አትጣሉት፣ እናንተም አመልክቱ።