«ማዘር፣ ማዘርቦርዱ ደህና ነው»፤ የቱሉ ዲምቱውን ላፕቶፕ ሠሪ ለማመስገን

ምስጋናዬ ዘግይቷል። ልጁ ላፕቶፔን ከሠራልኝ ሦስት ወር ሞላው፤ ጥምቀትም አለፈ። ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ተሠርቶ በሳምንቱ የሚሞት ዕቃ ስንቴ አይቻለሁ። ቸኩዬ አመስግኜ በኋላ እንዳላፍር ብዬ ነው።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። እቤቴ ሆኜ ለአምስት ስድስት ነጋዴዎች መዝገብ እይዛለሁ። እንጀራዬ ያለው አንድ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ላይ ነው። በ2011 ስላሽ ነው የገዛሁት። ፒችትሪው (የሒሳብ ፕሮግራሙ)፣ ኤክሴሉ፣ ስካን የተደረገው ደረሰኝ ሁሉ እሱ ውስጥ ነው ያለው።

ጥቅምት ሲገባ ላፕቶፑን ያመው ጀመር። መጀመሪያ ታችፓዱ አልጫን አለ። ቀጥሎ ሃያ ደቂቃ ሠርቶ ድርግም ማለት አመጣ። ጥቅምት ደግሞ ለእኛ ለሒሳብ ሠራተኞች ምን ዓይነት ወር እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ዓመታዊ ማሳወቂያ ጥቅምት 30 ያበቃል።

ሁለት ታክሲ ይዤ መሃል ከተማ ወደ አንድ ጥገና ቤት ሄድኩ። ስሙ ይቅር። አስተናጋጁ ገልበጥ አድርጎ አየውና፣ አንድ ብሎን እንኳ ሳይፈታ፣ «ማዘርቦርዱ ሄዷል፤ ደግሞ አርጅቷል፤ አዲስ ይግዙ» አለኝ። ማዘርቦርድ የሚሉት ሁሉም ክፍል የሚያያዝበትን ዋናውን ሰሌዳ ነው። እውነቱን ልናገርና አመንኩት። እኔም ለደንበኞቼ የማሰላው እንደዚያው ነዋ! በግብር ደንቡ ኮምፒውተር በቀጥተኛ መስመር ስሌት በዓመት 20 በመቶ የእርጅና ቅናሽ ይያዝለታል። በ5 ዓመቱ መዝገብ ላይ ዋጋው ያልቃል። የእኔው በእጄ ብቻ ሰባት ዓመት ሆኖታል። በመዝገብ ቢሆን ተቀብሮ ሣር በቅሎበታል።

ተክዤ ስመለስ የጎረቤቴ ልጅ ደረጃ ላይ አገኘኝ። «እትዬ፣ እዚሁ ታች ላፕቶፕ ሠሪ እያለ ምን አደከመዎት?» አለኝ።

ሱቋ ከኮንዶሚኒየም ብሎክ ሥር ናት። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ሠሪው ልጅ ሃያዎቹን የጨረሰ አይመስለኝም። መጀመሪያ ያደረገው ነገር አስገረመኝ። ላፕቶፑን ዘግቶ መስተዋቱ ላይ አስቀመጠና አንዱን ጥግ በጣቱ ጫን አለው። እግሩ እንደጎደለ በርጩማ ወዲያ ወዲህ አለ። «ማዘር፣ ታችፓዱ ከመቼ ወዲህ ነው አልጫን ያለዎት?» ሲለኝ ደነገጥኩ። ስለ ታችፓዱ ገና አልነገርኩትማ።

ከመፍታቱ በፊት አብርቶ ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣውን የባትሪ ሪፖርት አሳየኝ። ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ 46,500 ሚሊዋት ሰዓት ይይዝ ነበር። አሁን የሚይዘው 15,840። በጭንቅላቴ አካፈልኩት፤ 34 በመቶ። ከዚያ አጠፋውና የሥሩን ክዳን አነሳ። ባትሪው እንደ ፓስቲ ተነፍቷል። ታችፓዱን ከሥር ገፍቶ ያደረቀው እሱ ነው። ልጁ ትንፋሹን ያዝ አድርጎ ቀስ ብሎ አወጣውና ደጅ ያለ አሸዋ የሞላ የቀለም ባልዲ ውስጥ ከተተው። «ይሄ ከተበሳ እሳት ነው» አለኝ። እኔ እንግዲህ ይህን እሳት ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የሰው ሒሳብ ስዘጋ የከረምኩት። በነገራችን ላይ ጥፋቱ የፋብሪካው አይደለም፤ የራሴ ነው። ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሙቀት ውስጥ መዋልን አይወድም። እኔ ደግሞ ቀን ከሌት ሰክቼው፣ አንዳንዴም ብርድ ልብስ ላይ አድርጌው ነው የምሠራው። አየር የሚስበው ከሥሩ እንደሆነ ማን ነግሮኝ!

ቀጥሎ ፋኑን ፈታ። ሙቀት የሚያስወጡት ቀጫጭን ክንፎች አይታዩም፤ አቧራ ሸፍኗቸዋል። ጫፉን በወረንጦ ይዞ ሲስበው እንደ ፍራሽ ጥጥ ተያይዞ ወጣ። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ክረምት የሚይዘን ግን ጥቁር ጭቃ ነው፤ በጋ ጭቃው ደርቆ በመስኮት ይገባል። የሰባት ዓመት አቧራችን እዚያች ትንሽ ሳጥን ውስጥ ተነጥፎ አገኘሁት። ፕሮሰሰሩ (የላፕቶፑ አንጎል) ላይ ያለው ፔስት፣ ማለትም ሙቀት አስተላላፊው ቅባትም ደርቆ፣ ሲነካው እንደ ኖራ ረገፈ። ሃያ ደቂቃ ሠርቶ የሚጠፋው ሲግል ራሱን ለማዳን ነበር ማለት ነው። ጠርጎ፣ አዲስ ፔስት ቀብቶ፣ ያለ ባትሪ በቻርጀር ብቻ አስነሳው። አንድ ሰዓት ሙሉ አልጠፋም። ያኔ ቀና ብሎ «ማዘር፣ ማዘርቦርዱ ደህና ነው» አለኝ። የተናገረው ለራሱም ገባውና ሁለታችንም ሳቅን።

ታዲያ ላፕቶፕ ስንት ዓመት ይኖራል? አልኩት። እንደኔ «አምስት» አላለም። እንደ አንድ ዕቃ አይዩት አለኝ፤ ሁሉም ክፍል የየራሱ ዕድሜ አለው። የብዙ ላፕቶፕ ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ ካለቀ በኋላ መድከም ይጀምራል። በየቀኑ ለሚሠራበት ሰው ሁለት ሦስት ዓመት ነው። ፋንና ፔስት ጽዳት እንጂ ሞት አይደለም። ቦርድና ስክሪን ሙቀትና መብራት ካልገደላቸው አሥር ዓመት ያልፋሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ትንሽ እስኪረጋ ከሶኬት ንቀሉት ብሎኛል። ሃርድ ዲስኬን ደግሞ ስንት ሰዓት እንደሠራ ከራሱ ከዲስኩ አነበበልኝ፤ 21 ሺህ ሰዓት። ሌት ተቀን ቢሠራ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ገደማ መሆኑ ነው። የሚሽከረከር ዕቃ ስለሆነ አይታመንም አለና ፋይሌን ገልብጦ በኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር በሌለው ዲስክ ቀየረልኝ። ድሮ አብርቼው ቡና አፍልቼ እመለስ ነበር። አሁን ጀበናው ሳይጣድ ይከፈታል።

በጣም የወደድኩት ግን የሚያስከፋውን መደበቅ ሲችል አለመደበቁን ነው። የላፕቶፔ ፕሮሰሰር 6ኛ ትውልድ ነው። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች የሚቀበለው በመሠረቱ ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ያበቃው በዚያው ሰሞን፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው። «በጓሮ በር 11ን ልጭንልዎት እችላለሁ። ማይክሮሶፍት ግን አይደግፈውም፤ ለሰው ሒሳብ አልመክርም» አለኝ። ይልቅ በማይክሮሶፍት አካውንቴ የተራዘመውን የደህንነት ዝማኔ አስመዘገበልኝ፤ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ያቆየኛል። «እስከዚያ እያጠራቀሙ ይቆዩ» ብሎ ሲገዙ ምን ይዩ የሚለውንም ነገረኝ። በፕሮሰሰሩ ስም አይ5 ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር በ8፣ በ9፣ በ10 ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ትውልድ ይጀምር። ራሙ (ላፕቶፑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ቦርዱ ላይ የተበየደ ሳይሆን የሚነቀል ይሁን። ኧረ እኔ ሰባት ዓመት ስጠቀም ይህን ቁጥር ልብ ብዬውም አላውቅ!

ለጽዳቱና ለፔስቱ የከፈልኩት 700 ብር ነው። ባትሪውንና ኤስኤስዲውን ከእነ ደረሰኛቸው አምጥቶልኛል። ዋጋቸው ስለሚለዋወጥ እዚህ አልጽፈውም። ለዝማኔው ምዝገባ ልክፈል ስለው «ይሄማ ክሊክ ነው» ብሎ እምቢ አለ። ስወጣ ደግሞ ጠርቶ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። «የደንበኞችዎ ሒሳብ አለበት፤ እዚህ ጥለው አይሂዱ።» ሃያ ዓመት በሒሳብ ሥራ ሳሳልፍ እኔ ራሴ ያላሰብኩትን ነገር ነው።

እንከን የለውም አልልም። «ነገ ይደርሳል» ያለኝ ሦስት ቀን ፈጅቷል። መጀመሪያ ያስመጣው ባትሪ አላማረውም፤ መልሶ ሌላ አስመጣ። ሦስቱን ቀን ጥፍሬን ስበላ ነው የከረምኩት። ብቻ ጥቅምት 28 የመጨረሻውን ደንበኛዬን አሳውቄ ጨረስኩ።

ስልክ ቁጥሩን እንዳላወጣ ለምኖኛል። ብቻውን ስለሚሠራ ስልክ ሲያነሳ መዋል አይፈልግም። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም መጥታችሁ «የላፕቶፕ ልጅ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሊስትሮዎቹ ያሳዩአችኋል። ሰኞ ዕቃ ሊገዛ መርካቶ ስለሚወርድ አይከፍትም። የማዘርቦርዷ ማዘር ናት የላከችኝ በሉት። ዋጋ አይቀንስላችሁም፤ መሳቁ ግን አይቀርም።