የፒሳንካ መሥሪያ ጥቅል፦ ሰሙ ጥሩ ነው፣ ወረቀቱ ግን ይታረም

ፒሳንካ የዩክሬን የፋሲካ እንቁላል ነው። ስሙ «መጻፍ» ከሚለው ቃላቸው ስለመጣ እንቁላል «ቀባን» ሳይሆን «ጻፍን» ይላሉ። በኢንተርኔት የሚሸጠው የጀማሪ ጥቅል አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ኪስትካ (ጫፉ ላይ ትንሽ የብረት ቀዳዳ ያለው መጻፊያ)፣ የንብ ሰም፣ የቀለም ዱቄት፣ ሻማና የምልክቶችን ትርጉም የሚዘረዝር ወረቀት ይይዛል።

ሰሙ እንደ ጧፍ የሚሸት ንጹሕ ከሆነ ዕቃው ዋጋውን ያወጣል። ለመጀመሪያ እንቁላል መካከለኛው ኪስትካ ይበቃል፤ ቀጭኑ ቶሎ ይደፈናል። ጫፉን ከነበልባሉ ጎን እንጂ ከላዩ አትያዙት፤ ጥቀርሻ ይለብስና ሰሙን በትልቁ ያንጠባጥባል። ከፍሪጅ የወጣ እንቁላል ስለሚያልበው ሰም አይይዝለትም፤ ቀደም ብሎ ይውጣ።

አንዱን ፓኬት በአንድ ኩባያ የፈላ ውሃ በጥብጡና ሲቀዘቅዝ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነጭ ኮምጣጤ ጨምሩ። ብርቱካናማው ላይ ግን ብዙ ጊዜ ኮምጣጤ አይገባም፤ የፓኬቱን ጽሑፍ ተከተሉ። ትኩስ ቀለም ሰሙን ያቀልጠዋል። ነጭ ሆኖ እንዲቀር የምትፈልጉትን መጀመሪያ በሰም ጻፉ፣ ቢጫ ውስጥ ንከሩ፤ ቢጫ የሚቀረውን ሸፍኑ፣ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ቀይ፣ መጨረሻ ጥቁር። ሲያልቅ እንቁላሉ ጠቁሮና በሰም ተዝጎርጉሮ የከሰል ቁራጭ ይመስላል። ከሻማው ጎን እያሞቃችሁ በሶፍት ስትጠርጉት ነጩ፣ ቢጫውና ቀዩ መስመር በመስመር ብቅ ይላል። ለዚህች ደቂቃ ሲባል ብቻ እንኳ መሞከር አለበት። ቀለሙ ግን አይበላም፤ ልጆች ባሉበት ቤት ይህ በጥቅሉ ላይ በትልቁ መጻፍ አለበት።

ቅሬታችን ወረቀቱ ላይ ነው። አንዳንድ ሻጮች ፀሐዩን፣ አጋዘኑንና ጠመዝማዛውን ሁሉ «የጥንት አምልኮ» ብለው ያልፋሉ፤ ባሰባቸው ጊዜ ኤኦስትሬ የምትባል እንስት አምላክ (የእንግሊዝኛው የፋሲካ ስም «ኢስተር» ከእሷ መጣ ይባላል) ይጨምሩበታል። ኤኦስትሬን የጠቀሰው እንግሊዛዊው መነኩሴ ቤዳ ነው፤ በ725 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የጻፈውም ስለ እንግሊዞች የወር ስም ነበር። ዩክሬናውያን በዓሉን ቬሊክደን፣ «ታላቁ ቀን» ነው የሚሉት፤ ኤኦስትሬ እዚያ ምን ታደርጋለች? በዩክሬን ልቪቭ ከተማ በቁፋሮ የተገኘው የፒሳንካ ቅርፊትም ዕድሜው 500 ዓመት ገደማ ነው፤ ዋና ከተማቸው ኪየቭ ክርስትናን ተቀብላ የተጠመቀችው ደግሞ በ988 (እ.ኤ.አ.)፤ ቅርፊቱ እንግዲህ ከክርስትናው በኋላ የመጣ ነው። ምልክቶቹ ከጥምቀቱ በፊት የነበሩ መሆናቸው ይታመናል፤ በሸክላ ላይ ያሉ ንድፎች ይመሰክራሉ። ከዚያ ግን ፀሐዩ ክርስቶስ ተባለ፣ ሦስት ማዕዘኑ ሥላሴ። ወረቀቱ ይህን ግማሽ ይቆርጠዋል።

በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን «ባዕድ አምልኮ አይደለም ወይ?» ብለው የሚሠጉት በንጹሕ ልብ ነውና መልስ ይገባቸዋል። የዩክሬን ኦርቶዶክሶች ፋሲካን ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ያከብራሉ፤ በጾሙ እንቁላል አይበሉም። እንቁላሉ በፋሲካ ጠዋት በቅርጫት ሆኖ ቤተ ክርስቲያን የሚባረከውም የጾም መፈሰኪያ ስለሆነ ነው። ዶሮ ወጥ ውስጥ እንቁላል የሚጥል ሰው ይህን ለመረዳት ወረቀት አያስፈልገውም። ምልክቱ በፊት የማን እንደነበር ማወቅ ጥሩ ነው፤ ዛሬ የሚጽፈው ሰው የሚያስበው ግን ይበልጣል ብለን እናምናለን።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጽፉ «አርባ ባለ ሦስት ማዕዘን» የሚባለውን፣ እንቁላሉን በትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች የሚከፋፍለውን ንድፍ ምረጡ። ሦስት ማዕዘኖቹ ሲቆጠሩ 48 ናቸው፤ ስሙ ግን ዩክሬናውያንን የዐቢይ ጾማቸውን 40 ቀን ያስታውሳቸዋል። ክፍፍሉን መጀመሪያ በእርሳስ በስሱ አስምሩ። ብትሳሳቱ በላጲስ አትሰርዙ፤ ቅርፊቱ ይፋቅና ቀለሙ እዚያ ላይ ይዥጎረጎራል። የተሳሳተውን መስመር እንዳለ ትታችሁ ትክክለኛውን በሰም ሂዱበት።